ሁለት ወረፋ

ማኑባይ ደረጃውን በሩጫ ይወርዱ ነበር። ከፒጃማቸው ላይ ካፖርት ደርበዋል፤ በግራ እጃቸው የቆርቆሮ ሻንጣ አንጠልጥለዋል፤ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸውን አራተኛ ፎቅ ላይ ጥለው የመጡ ይመስላሉ። ጸዳለ ሊፍት ከመጠበቅ በእግሬ ይሻለኛል ብላ ስትወጣ ሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

ሽማግሌው ጥቁር ፊቷንና ሰማያዊ የሥራ ልብሷን ሲያዩ ባሉበት ደረቁ። ሻንጣውን አስቀምጠው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ሰቀሉ።

«አፋንዴ» አሏት። በስዋሂሊ ለወታደር አለቃ የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው። «ወረቀቴ ሙሉ ነው፣ አፋንዴ። የክትባት ካርዴም ይኸውና። ወርቅ አልያዝኩም።»

ጸዳለ ከዱራሜ የመጣች፣ ከቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን ሁሉ ድምፀ ቀጭኗ፣ ዶሮ ሲታረድ ፊቷን የምታዞር ሴት ናት። መጀመሪያ ጊዜ አፋንዴ ሲሏት መታጠቢያ ቤት ገብታ አልቅሳለች። በሁለት ዓመት ውስጥ ግን ሳትወድ በግድ ማዕረጉን ተላምዳዋለች። ደረቷን ነፋች፤ ሻንጣውን ከፈተች፤ አንድ ፎጣ፣ አንድ ጥንድ ነጠላ ጫማና ባትሪ የሌለው ትራንዚስተር ራዲዮ አየችና መልሳ ዘጋችው።

«ተፈትሿል! አውቶቡሱ ገና ስለሆነ ወደ ላይ ይመለሱ!» ብላ አዘዘች።

ማኑባይ አመስግነው ተመለሱ። እሷም ሻንጣውን ይዛ ተከተለቻቸው።

ጊዜው የ2014 ኖቬምበር መግቢያ፣ ቦታው ጋምለ ኦስሎ ነበር። ለማኑባይ ግን ዓመቱ 1972፣ ከተማውም ካምፓላ ነው። የመርሳት በሽታው አርባ ሁለቱን የኖርዌይ ዓመታት ከላያቸው ገፎ፣ የአገሪቱ ገዢ የነበረው ጄኔራል «እስያውያን በዘጠና ቀን ከኡጋንዳ ውጡ» ያለበት ሰሞን ላይ አስቀምጧቸዋል። በየቀኑ ዕቃ ይሸክፋሉ፤ በየቀኑ ኬላ ላይ ይያዛሉ። ከቤት እንዳይወጡ ቢከለከሉ ይጮኻሉ፤ ቢወጡ በረዶ ላይ ይወድቃሉ። ስለዚህ ጸዳለ በየቀኑ ትፈትሻቸዋለች።

ዛሬ ግን የሚወስዳቸው መኪና እውነትም ይመጣ ነበር። ሰባት ሰዓት ላይ።

ባለቤታቸው ካንታቤን በሩን ከፍተው ቆመዋል። ሳሪያቸው ላይ ወፍራም የሱፍ ሹራብ ደርበዋል፤ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። በጉጃራቲ «ቤን» እህት፣ «ባይ» ደግሞ ወንድም ማለት መሆኑን ለጸዳለ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ሁለቱ ሴቶች የሚግባቡት በኖርዌይኛ ነው፤ ሲያጥራቸው እንግሊዝኛ ይለቅሙበታል።

«እሳቸው ናቸው?» አሉ ካንታቤን፤ ፊታቸው ወደ ግድግዳው ነበር።

«እሳቸው ናቸው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያዝኳቸው።»

«በእኔ በኩል አልፈው ሲወጡ እኮ አልሰማሁም» አሉ።

አልሰማሁም እንጂ አላየሁም አላሉም፤ ማየቱ ከቀረ ሁለት ዓመት አልፎታል። ጸዳለ ከማዘጋጃ ቤቱ የአረጋውያን እንክብካቤ ቢሮ ወደዚህ ቤት ስትላክ የተላከችው ለማኑባይ ነበር፤ ልታጥባቸው፣ መድኃኒታቸውን ልትሰጣቸው። በሁለተኛው ሳምንት ካንታቤን የጋለ ምድጃ ላይ የፕላስቲክ ሳህን ጥደው አገኘቻቸው። የዚያን ዕለት አሮጊቷ እጇን ለቀም አድርገው ያዟትና፣ «አትጻፊው። እኔ አላይም ካልሽ እሷ ልትጠብቀው አትችልም ብለው ይወስዱብኛል» አሏት።

ደንቡ ግልጽ ነው፤ የታየው ሁሉ በዚያኑ ቀን ራፖርት ላይ ይጻፋል። ጸዳለ ባደገችበት አገር ግን የሽማግሌ ገመና ይሸፈናል እንጂ በመዝገብ አይሰፍርም። ይሉኝታዋ አሸነፋት። «ባለቤታቸው ጤነኛ ናቸው፤ ያበስላሉ፤ ይንከባከቧቸዋል» ብላ ጻፈች። አንድ ጊዜ የተጻፈን ውሸት ደግሞ መቀለብ ያስፈልጋል። ከሥራ ሰዓቷ ውጭ እየመጣች አበሰለችላቸው፤ ልብስ አጠበችላቸው፤ ጨውን በግራ፣ ስኳርን በቀኝ፣ ስኒዎቹን ከማንቆርቆሪያው ፊት ለፊት በልክ በልኩ እየደረደረች ወጣች። ካንታቤንም በእጃቸው ትዝታ ቤታቸው ውስጥ እንደሚያይ ሰው ተመላለሱ። ጸዳለ አንዳንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር» ሲባል፣ እኔ የመሰከርኩት ለባልንጀራዬ እንጂ በባልንጀራዬ ላይ አይደለም እያለች ራሷን ታባብላለች።

መዘዙ ቢሮው ስላመናት መጣ። የሁለት ዓመት ራፖርት አገላብጠው ወሰኑ፤ ባልየው በሽታቸው ስለጠና ማዮርስቱን አካባቢ ካለ ሹክየም፣ ማለትም የአረጋውያን መጦሪያ፣ አልጋ ተሰጣቸው። ሚስትየው ጤነኛ ስለሆኑ ቤታቸው ይቆያሉ። ሳይለያዩ እንዲኖሩ የተጻፈው ውሸት ሊለያያቸው በፖስታ መጣ። አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚባለው ይኸው ነው።

ካንታቤን መለያየትን ያውቁታል። አሁን የባላቸውን ሸሚዞች በጣታቸው እየዳሰሱ ሲያጥፉ፣ ያንን የካምፓላ ቀን ደግመው አነሡት። ጸዳለ ታሪኩን ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች፤ ዛሬ ግን እጇን ከሥራ አቁማ አዳመጠች።

ነጻነት ሲመጣ ማኑባይ ኡጋንዳዊ ነኝ ብለው ዜግነት ጠይቀው ነበር። በአዋጁ ሰሞን ወረቀታቸውን ይዘው ቢቀርቡ፣ የእንግሊዝ ዜግነታቸውን የመለሱበት ደረሰኝ ጥቂት ቀን ዘግይቷል ተባለና ጸሐፊው ፊታቸው ላይ ቀደደው። አገር አልባ ሆኑ። ካንታቤን ግን በአባታቸው በኩል ያገኙት ሰማያዊ የእንግሊዝ ፓስፖርት ነበራቸው። ስለዚህ ወረፋው ሁለት ሆነ። ፓስፖርት ያለው በአንድ በኩል፣ አገር የሌለው በሌላ በኩል፣ ሁለቱም ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ። ሴቶች ሕፃን በጨርቅ እያናፈሱ፣ ነጋዴዎች የሱቃቸውን ቁልፍ ለማን እንደሚሰጡ ሳያውቁ በኪሳቸው እያቅጨለጨሉ፣ ወታደሮች በዱላ መስመር እያስያዙ። ማኑባይ፣ «አንቺ በዚያ በኩል ያዢ፣ እኔ በዚህ በኩል፤ መስኮቱ ጋ ስትደርሺ የእኔን ስም ታስመዘግቢያለሽ» ብለዋቸው ሄዱ።

ካንታቤን መስኮቱ ጋ ደረሱ። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ብዕሩን አንሥቶ፣ «የባልሽ ስም?» አላቸው።

በካንታቤን አስተዳደግ ሚስት የባሏን ስም በአፏ አትጠራም፤ ዕድሜውን ያሳጥራል ይባላል። ስሙ ሲያስፈልግ ከአጠገብ ያለ ሰው ይጠራላታል፤ የባል እህት ወይም ጎረቤት። ያን ቀን ግን ሁሉም ለራሱ ነበር። ካንታቤን ዞር ዞር ብለው የሚናገርላቸው ሰው ፈለጉ፤ አላገኙም። ጸሐፊው ትንሽ ጠበቀ፤ ከኋላ ሰው ይገፋል፤ ሲሰለቸው ክፍት ቦታው ላይ አንድ መስመር አሰመረበት። በዚያች መስመር ካንታቤን ባል የሌላቸው ሴት ሆኑ።

እሳቸው ወደ ለንደን በረሩ። ማኑባይ ሳንባቸው ላይ በራጅ ጠባሳ ስለታየ፣ ሕመምተኞቹን እኔ ልቀበል ያለችው ኖርዌይ ወሰደቻቸው። ወደ ኤንቴቤ አውሮፕላን ማረፊያ ሲሄዱ በየኬላው ተፈተሹ፤ ሰዓታቸውን፣ ካልሲያቸውን ሳይቀር ወሰዱባቸው። ባልና ሚስት መሆናቸውን በወረቀት አስመስክረው ኦስሎ ላይ እስኪገናኙ ዐሥራ አራት ወር ፈጀ።

«እልህ ይዞኝ አይደለም ዝም ያልኩት» አሉ ካንታቤን። «ለዕድሜያቸው ብዬ ነው።»

ጸዳለ ይህን ሲናገሩ አንድም ቀን ስቃባቸው አታውቅም። የገዛ እናቷ የአማቷን ስም ሳትጠራ ነው የሞተችው፤ ስሙን የሚመስል ቃል እንኳ ቢመጣባት በሌላ ቃል ታልፈዋለች። ለክብር ተብሎ የሚዘጋ አፍ ምን እንደሚያስከፍል ታውቃለች። ሆኖም አሁን የተዘጋው የራሷ አፍ ነበር።

እውነቱን ብትናገር ሥራዋ ያበቃል። ሥራዋ ካበቃ ደግሞ ደበላ አይመጣም። ባሏ ደበላ ዱራሜ መምህር ነው፤ ከተለያዩ አምስተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። ሚስት ቋሚ ሥራ ካላት ባሏን ማስመጣት ትችላለች፤ ከሌላት አትችልም፤ ማመልከቻው ገብቷል፤ መልሱ በጃንዋሪ ይጠበቃል። ለዚህ ማመልከቻ ጉባኤው ሁሉ ረቡዕ ረቡዕ ይጸልያል። ዝም ብትል አንድ ባል ይሄዳል፤ ብትናገር አንድ ባል ይቀራል። ሌሊቱን ስታሰላው አድራ ሌላ መውጫ አላገኘችም።

ስድስት ተኩል ላይ በሩ ተደወለ። አይዳ ነበረች፣ የቢሮው ጉዳይ አስፈጻሚ። ኦስሎ ተወልዳ ያደገች፣ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ በልጅነቷ ሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ያስጠናቻት ጸዳለ ናት።

«ሃይ፣ እትዬ ጸዳለ! አንቺ በመኖርሽ ደስ ብሎኛል» አለች ጫማዋን እያወለቀች። «ታክሲው ሰባት ሰዓት ይመጣል። ከስምንት በፊት መድረስ አለብን፤ አለዚያ አልጋውን ለሌላ ሰው ይሰጡታል።»

ጸዳለ ክንዷን ይዛ ወደ ማድቤቱ ሳበቻት።

«አይዳዬ፣ እሳቸውም አብረው መሄድ አለባቸው።»

«ናይ፣ ቬድታኩ ለአንድ ሰው ነው» አለች አይዳ፤ ቬድታክ የምትለውን የውሳኔ ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ሁለቱም ቢያስፈልጋቸው ኖሮ አንለያያቸውም ነበር። ደንቡም ባልና ሚስት አይለይም። ግን እሷ ጤነኛ ናት። አንቺ ራስሽ አይደለሽ የጻፍሽው?»

ኖርዌይ ለተወለደ ልጅ «እርስዎ» ማለት እንደ በዓል ልብስ ነው፤ በየቀኑ አይለበስም። ጸዳለ ሌላ ቀን ቢሆን ታርማት ነበር።

«ዋሽቼ ነው የጻፍኩት።»

«ምን ማለት ነው ዋሽቼ?»

«ዐይናቸው አያይም። ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። የማበስለው፣ የማጥበው እኔ ነኝ። ነገ እኔ ካልመጣሁ ውኃ እንኳ አፍልተው መጠጣት አይችሉም።»

አይዳ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው። ፊቷ ቀላ።

«እትዬ ጸዳለ፣ ምን እያልሽኝ እንደሆነ ገብቶሻል? እኔ ይሄን ከሰማሁ ማመልከት አለብኝ፤ ግዴታዬ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ማንም ቤት አያስገቡሽም። ጋሼ ደበላስ?»

«አውቃለሁ።»

«ያ፣ ግን... ምናለ ሳትነግሪኝ ብትቀሪ!» አለች አይዳ፤ ልታለቅስ ምንም አልቀራትም። «አልሰማሁም ብዬ ልተወው?»

«ከተውሽው እሳቸው ዛሬ ብቻቸውን ይቀራሉ።»

አይዳ፣ ሰው ማመን የማይፈልገውን ነገር ሲሰማ እንደሚያደርገው፣ ሌላ ምስክር ፍለጋ ወደ ሳሎን ወጣች። ካንታቤን ፊት ተንበርክካ በኖርዌይኛ፣ «ይቅርታ፣ ልጠይቅዎት። ዐይንዎ ያያል?» አለቻቸው።

ካንታቤን አማርኛ አያውቁም። በበሩ ስንጥቅ ደበላ የሚለውን ስም ግን ሰምተዋል፤ ከስሙ ቀጥሎ አይዳ ልታለቅስ ስትቃረብም ሰምተዋል። ሥራ ያጣች ሚስት ባሏን ማስመጣት እንደማትችልም ያውቃሉ፤ ጸዳለ ማመልከቻውን ስትሞላ የነገረችው ለእሳቸው ነው። ያጠፉትን ሸሚዝ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ፈገግ አሉ።

«ጸዳለ ደክሟታል» አሉ። «ባሏ ናፍቋት እንቅልፍ ካጣች ቆይታለች። እኔ ምን ሆኜ? ሁሉንም የምሠራው ራሴ ነኝ። የጻፈችው ሁሉ እውነት ነው። ነይ፣ ልጄ፣ ታክሲው እስኪመጣ ሻይ ላፍላልሽ።»

ተነሥተው ወደ ማድቤቱ ገቡ። በጸዳለ አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ክንዷ ላይ አሳረፉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለአንዳችን እንኳ ባል ይትረፍልን» አሏት።

ጸዳለ ገባት፤ አሮጊቷ አርባ ዓመት አጥብቀው የያዙትን ሰው ለእሷ ሲሉ እየለቀቁ ነው። የማያውቁትን ደበላን ለማምጣት የራሳቸውን ባል አሳልፈው ሊሰጡ ነው። ልክ ነው ብላ ዝም ብትል ማንም አይከሳትም። እግዜር ይስጣቸው፣ በጃንዋሪ ደበላ ይመጣል፤ ካንታቤን ደግሞ በዚህ ቤት ውስጥ ግድግዳ እየዳበሱ ይኖራሉ። ለአንድ አፍታ ይህን ፈለገችው። ፈልጋው ነበር ብሎ መናገር ይገባል፤ መልአክ አልነበረችም።

ካንታቤን ማንቆርቆሪያውን ጣዱ። ዝንጅብሉን ቀጠቀጡ፤ ከመካከለኛው ቆርቆሮ ሁለት ቁንጣሪ ሻይ ቅጠል፤ ከማቀዝቀዣው በር ላይ ወተት። አንድም ነገር አልሳቱም። አይዳ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ እያየች ትከሻዋ ሲላላ ያስታውቅ ነበር። ከውጭ የታክሲ ጥሩምባ ተሰማ።

«አየሽ?» አለቻት ለጸዳለ በአማርኛ፤ ድምፅዋ ውስጥ ልመና ነበረ። «ደህና ናት እኮ። እኔ ምንም አልሰማሁም፤ እሺ? ምንም አላልሽኝም።»

ካንታቤን የሞላውን ማንቆርቆሪያ አንሥተው ወደ ጠረጴዛው ዞሩ። ስኒው በልኩ፣ በቦታው ነበር፤ ጠዋት ያስቀመጠችው ጸዳለ ናት።

ጸዳለ እጇን ዘረጋችና ስኒውን አንድ ስንዝር ወደ ጎን አንሸራተተችው።

ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ወረደ። ካንታቤን አልቆሙም፤ ቀጥ ብለው፣ አንገታቸውን እንደ ጥሩ አስተናጋጅ ዘንበል አድርገው መቅዳታቸውን ቀጠሉ። ቡናማው ሻይ በውሳኔው ወረቀት ላይ ተንጣለለ፤ ማኅተሙን አለፈው፤ በጠረጴዛው ጠርዝ ወደ ወለሉ መንጠባጠብ ጀመረ።

«ስኳር ስንት ላድርግልሽ?» አሉ ካንታቤን።

አይዳ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ካንታቤን የጠብታውን ድምፅ ሰሙ። ማንቆርቆሪያውን በዝግታ አስቀመጡና በጣታቸው ጠረጴዛውን ዳሰሱ፤ እርጥቡን፣ ከዚያ ወረቀቱን፣ ከዚያ ስንዝር ርቆ የቆመውን ባዶ ስኒ። ስኒው ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

«አንቺ ነሽ?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አለች ጸዳለ።

«በእንግዳ ፊት!» አሉ ካንታቤን። ፊታቸው ላይ የወጣው ግን ቁጣ ብቻ አልነበረም፤ ውርደት ነበር፤ እሱ ይብሳል።

አይዳ ስልኳን አንሥታ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። በኖርዌይኛ፣ መጀመሪያ በለዘብታ፣ ቀጥሎ በቁጣ ስትከራከር ይሰማ ነበር። ማየት የማይችሉ፣ የሰባ ስምንት ዓመት፣ ለአንዲት ሌሊት ብቻቸውን ሊተዉ የማይችሉ፤ አዎ፣ በዐይኔ አይቻለሁ፤ አዎ፣ ራፖርቱ ሐሰት ነው፤ አዎ፣ ማን እንደጻፈው አውቃለሁ። የጸዳለን ስም ፊደል በፊደል ነገረቻቸው። ስትመለስ ዐይኗ ደፍርሶ ነበር።

«መጦሪያው ውስጥ እዚያው ፎቅ ላይ አንድ ክፍል አለ። ለጊዜው ነው፤ ግን ካስገባኋቸው አያስወጧቸውም። እትዬ ጸዳለ፣ ካርድሽንና የቤቱን ቁልፍ እንድቀበልሽ ነግረውኛል።»

ጸዳለ ከአንገቷ አውልቃ ሰጠቻት።

የካንታቤንን ጥቂት ልብስ በአንድ ቦርሳ አጨቀችላቸው። ማኑባይ ካፖርታቸውን ቆልፈው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ሚስታቸው ሲመጡ የሳሪያቸውን ጫፍ እንደ ልጅ ጨበጡ። ካንታቤን ደፉ ላይ ሲደርሱ ድጋፍ ፈልገው እጃቸውን ዘረጉ። ጸዳለ ፈጥና ያዘቻቸው። አሮጊቷ የማን እጅ እንደሆነ ዐወቁ፤ ዐውቀውም ለቀቁት። «ልጄ፣ የት ነሽ?» ብለው አይዳን ጠሩ። አይዳ መጥታ ክንዷን ሰጠቻቸው። ሦስቱ በሊፍቱ ወረዱ፤ ለአራተኛ ሰው ቦታ ነበረው፤ የጠራት ግን አልነበረም።

ጸዳለ በመስኮት አየች። ሹፌሩ ማኑባይን አስገባ፤ ቀጥሎ ካንታቤንን ከጎናቸው። የታክሲው በር ተዘጋና መኪናው በትራሙ ሐዲድ በኩል ታጠፈ። ሥራው ተሠርቷል። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ደስም ብሏት ነበር፤ ግን ደስታው ትንፋሽ የሚያሳጥር ዓይነት ነበር።

ወለሉን በጨርቅ አደረቀች። ስኒውን አጥባ ደፋችው። ከዚያ በሩን ከኋላዋ ስባ ዘጋችና፣ ቁልፍ ስለሌላት ተመልሳ እንደማትገባ እያወቀች፣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ለደበላ ደወለች።

«ምን ተገኘ በዚህ ሰዓት?» አለ ደበላ፤ ተማሪዎቹ ከኋላው ይንጫጫሉ። «ደረሰ እንዴ መልሱ?»

«አልደረሰም። ደበላ፣ ሥራዬን አጣሁ።»

ጫጫታው ራቀ፤ ከክፍል ወጥቶ መሆን አለበት። እንዴት አላላትም፤ ለምን አላላትም። አምስት ዓመት ሙሉ ደህና ነኝ እያለች ስትዋሸው የለመደ ሰው፣ የዛሬውን ድምፅ ለይቶታል።

«ጸዳል» አላት በመጨረሻ። «አጠገብሽ ማን አለ?»

«ማንም» አለችው።